የሦስተኛው ስኒ ጉዳይ፦ ሐዋሳና ዝዋይ ላይ በራስ ጀልባ ወዳጅ ለመጠየቅ

ጠያቂያችን ከአዳማ እንደጻፉልን፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ አምስት ሜትር ገደማ የምትረዝም የፋይበርግላስ ጀልባ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት) ጭምር ከሰው ላይ ገዝተዋል። በጥር ወር ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሐዋሳ መጥተው በአንድ ቀን ሐይቁን በመዞር ሦስት ወዳጆቻቸውን ሊጠይቁ፣ ከዚያም ጀልባዋን በተጎታች ይዘው ዝዋይ በመሄድ ቱሉ ጉዶ ደሴት ካሉ የጋብቻ ዘመዶቻቸው ቤት አንድ ሌሊት ሊያድሩ አስበዋል። ጥያቄያቸው «ዕቅዱ ያስኬዳል ወይ? ምንስ ልያዝ?» የሚል ነው። እኔ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ የእርስዎን የምታህል ጀልባ ይዤ፣ ለንግድ ሳይሆን ለራሴ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሐይቁ ላይ ተመላልሻለሁና ያየሁትን ልንገርዎት።

ዕቅዱ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ሦስቱን ወዳጆችዎን በአንድ ቀን አይጠይቋቸው። ርቀቱ አያስቸግርዎትም፤ ሐይቁ በረጅሙ ከ15 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ወርዱም ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጸጥታው ሰዓት በከተማው በኩል ካለው የጀልባ መነሻ፣ ከፍቅር ሐይቅ፣ ተነስቶ ማዶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። በበጋ ወራት ጧት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ያገኙታል፤ ረፋዱን ገጹ መሸብሸብ ይጀምራል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ነፋሱ በርትቶ፣ ለትልቅ ጀልባ ምንም የማይመስል ለአምስት ሜትር ጀልባ ግን የሚከብድ ሞገድ ያስነሳል። አመሻሹ ላይ መልሶ ጋብ የሚልበት ቀን አለ፤ ይሁንና ያንን ተስፋ አድርጎ ልጆችን ይዞ ማምሸት ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ በጀልባ የሚሄድ እንግዳ ቀኑ የሚያበቃው ከቀትር በፊት እንደሆነ አድርጎ ማሰብ አለበት።

ይህንን ማወቅ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የአገራችን መስተንግዶ የሐይቁን ሰዓት አያውቅም። ጧት ሁለት ሰዓት ማዶ ሲደርሱ ባለቤቱ ዳር ድረስ ወርዶ ይጠብቅዎታል፤ ቤት ሲገቡ ቡርሳሜ (በቅቤ የተለወሰ ቆጮ) በሻፌታ፣ በሸክላው ዕቃ፣ ይቀርባል፤ ከዚያ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ አራት ሰዓት ይሆናል። ቶናው ሲጠጣ ጨዋታው ይደራል። በረካውን ሳይጠጡ እነሳለሁ ቢሉ ደግሞ የቤቱን ምርቃት ጥሎ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ሦስት ቤት በዚህ ሁኔታ በአንድ ጧት አይዳረስም፤ አንዱም ቢሆን በሥርዓቱ ከተያዘ ነው የሚበቃው።

እኔም የተማርኩት በዚሁ በሦስተኛው ስኒ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ከሚኖር የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ በረካውን ጠጥተን፣ ግማሽ ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ተሰጥቶን ስንወጣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዳር እንደወጣን ሞገዱ ከጎን ይመታን ጀመር። መንገዱን አጋምሰን ሳለ ሞተሩ ድምፁን ለውጦ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ጠፋ። ሞተሩን ከውሃው ገልብጬ ሳየው አረንጓዴ የዓሣ መረብ በፕሮፔለሩ ላይ እንደ ልቃቂት ተጠምጥሟል፤ ክሩ ከመጥበቁ የተነሳ ጣት አያስገባም። ጀልባው ውስጥ ቢላ የሚባል ነገር አልነበረም። ሞተሩ ሲቆም ጀልባዋ ጎኗን ለሞገዱ ሰጠች፤ ውሃ ይገባ ጀመር። ልጄ በጄሪካን ቁራጭ ውሃውን ሲቀዳ፣ እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ መረቡን ክር በክር በጥፍር መቁረጫ ስቆርጥ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ያዳነን የልጄ ብልሃት ነበር፤ ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ከጀልባው ፊት ጣለው፤ ድንጋዩ መሬት ባይነካም እየጎተተ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዞረልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለታም ቢላ በሲባጎ ታስሮ ሞተሩ አጠገብ ይንጠለጠላል፤ ከቤት ስንወጣም ልጄ «ጥፍር መቁረጫውን ይዘሃል?» እያለ ያሾፍብኛል።

ስለ መረቡ ጥቂት ልጨምር። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚጥሉት ማታ ሲሆን የሚያነሱት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ በጣም ማልደው ከወጡ መረቡ ገና ውሃ ውስጥ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የቡሽ ቁራጭ ነው፤ ሁለት ምልክት በመስመር ካዩ በመካከላቸው አይለፉ፣ ዳር ዳሩን ይዙሩ። ከቆረጡበት ደግሞ ባለቤቱን አፈላልገው ይክፈሉት፤ መረብ ለዚያ ሰው የዕለት እንጀራው ነው። እኔ የቆረጥኩትን ባለቤቱን በማግስቱ አሞራ ገደል፣ የከተማው ዓሣ ገበያ፣ ላይ ጠይቄ አገኘሁት፤ ከተቆጣኝ በኋላ ከእሱ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቼ በሰላም ተለያየን።

ወደ ሞተርዎ ልመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። በተለምዶ የሚታሰበው በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ነው፤ በዚህ ስሌት የእርስዎ 15 ፈረስ ጉልበት እዚህ አሥራ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። ቆቃ ላይ ሞክረዋት ከሆነ ከፍታው ብዙ ስለማይራራቅ አዲስ ነገር አይሆንብዎትም፤ በወረቀቷ ላይ በተጻፈው ጉልበት ብቻ ተማምነው አራት ሰውና ዕቃ ከጫኑ ግን ነፋስ ላይ ታቅትዎታለች። ቤንዚኑን በሦስት ከፍለው ያስቡት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ለማይታሰበው። እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲጠቀም በሰዓት ስድስት ሊትር ገደማ ይጠጣል። ዘይቱን በ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር አድርገው አስቀድመው ቤት ውስጥ ይቀላቅሉ፤ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ በግምት የተቀላቀለ ቤንዚን ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን) ያጠቁራል። ትርፍ ካንዴላና መፍቻው፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ረጅም ገመድ፣ መልህቅ ወይም ድንጋይ፣ ውሃ መቅጃ፣ ፊሽካ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አይለዩዎት። ላይፍ ጃኬቱን በተመለከተ ድርድር የለም፤ ልጆቹ በልካቸው የተሠራውን ለብሰው ይቀመጡ እንጂ ከመቀመጫ በታች ተጣጥፎ የተቀመጠ ላይፍ ጃኬት ማንንም አያድንም። በየጊዜው ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለው ሞተሩ ውሃውን በቀጭኑ እየተፋ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከቆመ የማቀዝቀዣውን ቀዳዳ ቅጠላ ቅጠል ደፍኖታል ማለት ነውና ወዲያው ያጥፉት።

ዳርቻውን በተመለከተ ሁለት ነገር ያስተውሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለሆነም መጠኑ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል፣ አምና ደረቅ መሬት የነበረ አጥርና የዛፍ ጉቶ ዘንድሮ ከውሃ በታች ተደብቆ ሊጠብቅዎት ይችላል። ወዳጅዎ ዳር ወርዶ መውረጃውን በእጁ ሳያሳይዎት በሞተር አይቅረቡ፤ ሞተሩን አጥፍተው በመቅዘፊያ ይግቡ። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ጥቁር ውሃ በሚገባበት አካባቢና ደንገሉ በበዛበት ዳርቻ ይውላል፤ ብቅ ብሎ ጠልቆ ለደቂቃዎች ሳይታይ ስለሚቆይ «ሄዷል» ብሎ መገመት አያዋጣም። በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል በጭራሽ አይግቡ፤ መሸሻው ያ ነውና። ፎቶ ለማንሳት ቅርብ የሚሄዱ ጀልባዎች ያያሉ፤ አይከተሏቸው።

ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ደንገሉ ውስጥ እንዳይንቦጫረቁም ይከልክሏቸው። ሐይቁ ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው በዳር ዳሩ ውሃ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፣ ትሉም በቆዳ በኩል ይገባል። ለመውረድ የሚበቃ የላስቲክ ቦት ጫማ ለሁሉም ይያዙ። ከጉዞው ሳምንታት በኋላ የማያቆም የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የታየበት ካለ ለሐኪሙ ሐይቅ ዳር መዋሉን ይንገረው፤ መድኃኒቱ በቀላሉ የሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ዝዋይ። የዝዋዩ ዕቅድዎ ከሐዋሳው ይሻላል፤ ምክንያቱም እዚያ ለማደር አስበዋል። ጧት ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ተስተናግዶ፣ ሦስቱንም ስኒ ጠጥቶ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መመለስ ከነፋሱም ከወዳጅም ጋር ያስማማል። ሐዋሳ ላይም ይህንኑ ቢያደርጉ እመክራለሁ፦ የመጀመሪያውን ቀን ለአንዱ ወዳጅዎ ሰጥተው እዚያው ያድሩ፣ በማግስቱ ጧት ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ሁለተኛው ይለፉ፣ ሦስተኛውን በመኪና ይጠይቁት፤ ቅር አይለውም።

ዝዋይ ከሐዋሳ በስፋት ይበልጣል፣ በጥልቀት ግን ያንሳል። የሐዋሳው ጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ሲያልፍ የዝዋዩ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ሰው ሲሰማ «ጥልቀት ከሌለው ምን ያስፈራል» ይላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በጥልቀት የለሽ ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ተከታትሎ ስለሚመጣ ትንሽ ጀልባ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይደርስባታል። ውሃው ድፍርስ በመሆኑም ከታች ያለው አይታይም። ቱሉ ጉዶ ከደሴቶቹ ትልቁ ነው፤ ሐይቁ ዳር ካለችው የባቱ (ዝዋይ) ከተማ ሲነሱም ሩቅ ስለሆነ በእርስዎ ጀልባ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይያዙለት። ከቻሉ የመጀመሪያውን ጉዞ የደሴቱን ሰው አሳፍረው ያድርጉት፤ የደሴቶቹ ነዋሪ የሆኑት የዘይ ሰዎች ይህንን ውሃ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ሲያቋርጡት የኖሩ ናቸውና፣ ደመናውን አይተው «ዛሬ አንሄድም» ካሉዎት አይከራከሯቸው። እኔ አንድ ጊዜ ተከራክሬ ከግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ።

ደሴቱ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚህ አቆይተውታል የሚል ትውፊት አለ፤ የቆዩ የብራና መጻሕፍትም ይገኛሉ። መጻሕፍቱን ለማየት ከፈለጉ በዘመዶችዎ በኩል ካህናቱን አስቀድመው ያስጠይቁ፤ ነጠላ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ይያዙ። ኅዳር 21 በጽዮን በዓል ሰሞን ጀልባው ሁሉ ሞልቶ ስለሚጫን ያንን ጊዜ ለቤተሰብ ጉዞ አልመርጠውም፤ ጥር ግን ደህና ነው።

ስለ ስጦታም ልበል፣ ብዙ ሰው አያስበውምና። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቡና፣ ስኳር፣ ለልጆቹ ደብተር ይበቃል። ዋናው ግን ሲመለሱ የሚሰጥዎት ነው። ቆጮ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ሙዝ እየተጨመረ ጀልባዋ ስትሄድ ከነበረው ከብዳ ትመለሳለች፤ የምትመለሰውም ነፋሱ ሊነሳ ሲል ነው። ለእኔ አንድ ጊዜ በግ ተሰጥቶኝ ነበር። እግሩ ታስሮ መሃል ላይ ተኝቶ ሳለ ጉዞው ሲጋመስ ራሱን ፈትቶ ቆመ፤ በግ ቆሞ ሲወላወል ጀልባ ምን እንደምትሆን እርስዎ ይገምቱት። ስለዚህ ሲሄዱ ከአቅሟ ዝቅ አድርገው ይጫኗት፣ ከብት ከተሰጠዎት ደግሞ በመኪና ተልኮ እንዲመጣ በትሕትና ይጠይቁ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጥር 10 እና 11 ጥምቀት በመሆኑ ከተማውም ሐይቁ ዳርም ይጨናነቃል፤ ከጥር 13 በኋላ ያሉትን የሥራ ቀናት ይምረጡ። ፍቅር ሐይቅ ሲደርሱም ውሃ ላይ ከማውረድዎ በፊት እዚያ ላሉት የጀልባ ማኅበር ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ይንገሯቸው፤ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚጠየቅበትን ቦታ የሚያሳዩዎትም እነርሱ ናቸው፣ ቢዘገዩም ፈልገው የሚወጡት እነርሱ ናቸው። የሞተርዎን ስምና የካንዴላውን ቁጥር እዚህ ቢጽፉልን፣ እኔ ዘንድ ካሉት ትርፎች የሚስማማ መኖሩን አይቼ እመልስልዎታለሁ።