የምክትል ፕሬዚዳንት እጩን ለመገመት፦ ከካርታው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «በ2024 ካማላ ሃሪስ ለምክትልነት የሚመርጡት የፔንሲልቬንያውን አገረ ገዢ ጆሽ ሻፒሮን ነው ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ግዛቷ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ወኪል መራጮች 19 ድምፅ አላት፤ እጩው የሚታወጅበት ስብሰባም እዚያው ፊላደልፊያ ተጠራ። የተመረጡት ግን የሚኔሶታው አገረ ገዢ ቲም ዋልዝ ሆኑ። ለ2028 ስንገምት ምን ብናይ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ያሳሳቱህ ሁለቱም ምልክቶች በየምርጫው ብዙ ሰው የሚያሳስቱ ናቸው። በ«ማን ቢሆን ያሸንፋል?» አትጀምር። መጀመሪያ «ማን ሊሆን አይችልም?» ብለህ ስሞቹን መሰረዝ ጀምር። ከአሥራ አምስት ስም ሦስት ወይም አራት ሲቀሩ ነው ስለ ምርጫ ማውራት የሚቻለው።

ሕገ መንግሥቱ የሚሰርዘው ጥቂት ሰው ነው። ዕድሜ ቢያንስ 35፣ አሜሪካ ውስጥ 14 ዓመት መኖር፣ በትውልድ ዜጋ መሆን። እዚያ ሄዶ ዜግነት ያገኘ ሰው አይችልም፤ እዚያ የተወለደ ልጁ ግን ይችላል። ከኤርትራውያን ወላጆች ካሊፎርኒያ የተወለዱት የኮሎራዶው የምክር ቤት አባል ጆ ንጉሤን ሕጉ አይከለክላቸውም።

ብዙ ሰው በትክክል የማይረዳው የአንድ ግዛት ጉዳይ ነው። ሁለቱ እጩዎች ከአንድ ግዛት መሆን አይችሉም የሚል ሕግ የለም። በ1804 የጸደቀው 12ኛው ማሻሻያ የሚለው፣ የአንድ ግዛት ወኪል መራጮች ለሁለቱም የግዛታቸው ነዋሪዎች ድምፅ መስጠት አይችሉም ነው። በ2000 ጆርጅ ቡሽም ዲክ ቼኒም የሚኖሩት ቴክሳስ ነበር፤ ቴክሳስ ደግሞ 32 ድምፅ ነበራት። ቡሽ ያሸነፉት በ271 ነው፤ የሚያስፈልገው 270። ቼኒ እነዚያን 32 ድምፆች ቢያጡ ምክትሉን የሚመርጠው ሴኔቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከመታወጃቸው ጥቂት ቀናት በፊት ዋዮሚንግ ሄደው የመራጭነት ምዝገባቸውን አዛወሩ። በ2024 ማርኮ ሩቢዮ ላይም ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ እሳቸውም ትራምፕም የፍሎሪዳ ነዋሪዎች ናቸው፣ ግዛቷም 30 ድምፅ አላት።

ከዚህ የበለጠ ስም የሚሰርዘው ወንበሩ ነው። ሴናተር ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን ወንበሩን ማን ይሞላዋል? በአብዛኛው ግዛት አገረ ገዢው ነው። በ2016 ለሂላሪ ክሊንተን በብዛት የሚነሱትን ኤልዛቤት ዋረንን፣ ሼሮድ ብራውንንና ኮሪ ቡከርን ተመልከት። የሦስቱም ግዛት አገረ ገዢ ሪፐብሊካን ነበር፤ የዴሞክራቶቹ ወንበር ለተቃራኒው ፓርቲ ሊያልፍ ይችል ነበር። የተመረጡት ቲም ኬን የመጡባት የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ግን ዴሞክራት ነበሩ። በ2024 ጄዲ ቫንስ ላይ ይህ ስጋት አልነበረም፤ የኦሃዮው አገረ ገዢ የራሳቸው ፓርቲ ሰው ስለነበሩ ወንበሩ ለጆን ሀስቴድ ተሰጠ። ሆኖም የየግዛቱን ሕግ አንብብ። አሪዞና ውስጥ ለምሳሌ አገረ ገዢው የሚሾመው ሰው ከተነሳው ሴናተር ፓርቲ መሆን አለበት፤ በማርክ ኬሊ ላይ ሲነሳ የነበረው የወንበር ስጋት ስለዚህ ከሚባለው ያነሰ ነበር። ማሳቹሴትስ ደግሞ ጊዜያዊ ሹመቱን ተከትሎ በወራት ውስጥ ልዩ ምርጫ ታደርጋለች።

ለአገረ ገዢዎች የሚጠየቀው «ምክትላቸው ማን ነው?» የሚለው ነው። በ2024 የሰሜን ካሮላይናው ሮይ ኩፐር ራሳቸውን ያገለሉት ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይህ ስለነበረ ነው። በግዛቷ ሕግ አገረ ገዢው ከግዛቱ ሲወጣ ሥልጣኑን የሚይዘው ምክትሉ ነው፤ ምክትሉ ደግሞ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ነበሩ። ለምርጫ ቅስቀሳ አገር ላገር የሚዞር ሰው በዚህ ሁኔታ መሥራት አይችልም። ይህን አስቀድሞ ያየ ሰው ኩፐርን ሐምሌ ሳይመጣ መሰረዝ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ካርታው። ከሚወራለት ያነሰ ክብደት ነው ያለው። ሎይድ ቤንትሰን በ1988 ቴክሳስን፣ ጆን ኤድዋርድስ በ2004 ሰሜን ካሮላይናን፣ ፖል ራያን በ2012 ዊስኮንሲንን ለፓርቲያቸው አላስገኙም። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሊንደን ጆንሰን ቴክሳስን ያመጡበት የ1960ው ምርጫ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዘመን አለፈ! በ2000 ቼኒ ከዋዮሚንግ፣ በ2008 ባይደን ከደላዌር፣ ሣራ ፔሊን ከአላስካ መጡ፤ ሦስቱም ግዛቶች እያንዳንዳቸው 3 ድምፅ ብቻ ናቸው ያሏቸው። እጩዎቹ ራሳቸው ካርታውን እንደኛ አያዩትም።

የሚያዩት የራሳቸውን ጉድለት ነው። ኦባማ በውጭ ጉዳይ ልምድ የላቸውም ሲባል ባይደንን መረጡ። በ2016 ትራምፕ የወንጌላውያንን አመኔታ ስላላገኙ ፔንስን ያዙ። በ2024 ያ ችግር አልነበረም፤ ታማኝነትና የእንቅስቃሴያቸው ወራሽ ይበልጥ ሲያሳስባቸው የ39 ዓመቱን ቫንስን መረጡ። ሁልጊዜ ማመጣጠን ነው ማለት ግን አይደለም። ቢል ክሊንተን በ1992 የመረጡት የጎረቤት ግዛት ሰውና የዕድሜ እኩያቸው የሆኑትን አል ጎርን ነው፤ የፈለጉት ወጣትነትንና ለውጥን አጠንክሮ ማሳየት ነበር። ስለዚህ እጩው በየንግግሩ የሚመልሰውን ክስ ለይተህ ጻፍ። መልሱ የሆነውን ሰው ፈልግ።

መተማመን ከፍ ያለ ቦታ የሚይዝበት ምክንያትም አለ። እኛ አገር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምርጫው በኋላ የሚሾም ነው። የአሜሪካው ምክትል ግን በሕዝብ ድምፅ አብሮ ስለሚመረጥ ፕሬዚዳንቱ ሊያባርረው አይችልም። አራት ዓመት አብሮት ይቀመጣል። ሃሪስ በነሐሴ 4 ቀን 2024 ሻፒሮን፣ ኬሊንና ዋልዝን በመኖሪያቸው አነጋገሩ። በዚያ ደረጃ የሚለካው «ከዚህ ሰው ጋር መሥራት እችላለሁ ወይ?» ነው፤ ያንን ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ግምትህ ሁለት ስም ላይ ቆሞ ቢቀር አትከፋ።

ሌላው፣ «አይሆንም» የሚል ኃይል ማን ነው? ማኬይን በ2008 ጓደኛቸውን ጆ ሊበርማንን ይፈልጉ ነበር። ሊበርማን የውርጃ መብትን ስለሚደግፉ የሪፐብሊካን ጉባኤ ተሳታፊዎች ያምጻሉ ተብሎ ቀረ። በ2024 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪው ሾን ፌይን በሻፒሮና በኬሊ ላይ ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ድጋፍ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ስሙ የተጠራ መሪ በግልጽ ሲቃወም ግን መዝግብ፣ ክብደት አለው።

ማጣሪያውን በተመለከተ አጭር ነገር። ጠበቆች የግብር ሰነድ፣ የንብረት፣ የክስ፣ የንግግርና የጤና መዝገብ ይመረምራሉ፤ ሚት ሮምኒ በ2008 ለማኬይን ቡድን የ23 ዓመት የግብር ሰነድ ነው ያስረከቡት። ይህ ጥብቅነት ከ1972 ወዲህ የመጣ ነው። የዴሞክራቶቹ እጩ ጆርጅ ማክገቨርን ቶማስ ኢግልተንን በጥድፊያ መረጡ፤ በድብርት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብተው በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከማቸው ሲወጣ በ18 ቀን ውስጥ ከእጩነት ወረዱ። ጊዜ ሲያጥር እጩው አስቀድሞ የተፈተሸ ሰው ይመርጣል፤ ሃሪስ የነበራቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ከማጣሪያው የሚያፈተልክ ስም ሁሉ እውነተኛ አይደለም። አንዳንዱ ስም ለደጋፊዎቹ ክብር ሲባል ብቻ ነው የሚነሳው።

የመጨረሻው ሳምንት ምልክቶች ላይ ጠንቀቅ በል። የስብሰባ ቦታ ምልክት አይደለም። ፔሊን የታወጁት ዴይተን ኦሃዮ ነው፤ ራያን የታወጁት ኖርፎክ ቨርጂኒያ ነው። ፊላደልፊያም እንደዚያው፤ እጩው ማንም ቢሆን የቅስቀሳው መጀመሪያ ወሳኝ ግዛት ላይ ቢሆን ይመረጣል። የተሰረዘ ቀጠሮም የሚናገረው ሰውየው ለቃለ መጠይቅ መጠራቱን እንጂ መመረጡን አይደለም፤ ሻፒሮ የዚያን ሳምንት መጨረሻ ቀጠሯቸውን ሰርዘው ነበር።

የሚታመነው ሕግ ወይም ሥራ የሚያስገድደው እርምጃ ነው። የቼኒ ምዝገባ አንዱ ነው። የያኔው የኢንዲያና አገረ ገዢ ፔንስ ሌላው፦ ግዛቷ አንድ ሰው ለሁለት ሥልጣን በአንድ ጊዜ እንዲወዳደር አትፈቅድም፤ ከአገረ ገዢነት ውድድሩ የሚወጡበት ቀነ ገደብ ሐምሌ 15 ቀን 2016 እኩለ ቀን ነበር፤ ትራምፕም ያወጁት በዚያው ጠዋት ነው። በ2004 ደግሞ ፒትስበርግ ውስጥ የዴሞክራቶቹ እጩ የጆን ኬሪ አውሮፕላን ላይ የኤድዋርድስ ስም ሲለጠፍ ያየ ሰው በዚያው ምሽት በአቪዬሽን ሠራተኞች ድረ ገጽ ላይ ጻፈው። በማግስቱ ጠዋት ኒውዮርክ ፖስት ጋዜጣ ዲክ ጌፋርት ተመረጡ ብሎ በስህተት በፊት ገጹ አወጣ።

ለ2028 አሁኑኑ ሰንጠረዥ መሥራት ትችላለህ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የሚኖርበት ግዛት፣ የሥልጣን ዘመኑ የሚያበቃበት ዓመት፣ ቢነሳ ወንበሩን የሚሞላው ሰውና ፓርቲው፣ ግዛቱ ሁለት ውድድር መፍቀዱና አለመፍቀዱ። ሦስተኛውን ዓምድ ግን በእርሳስ ጻፈው፤ በኅዳር 2026 በ36 ግዛቶች የአገረ ገዢ ምርጫ አለ፣ አሸናፊዎቹ ሥልጣን ሳይይዙ ያ ዓምድ ሊታመን አይችልም።