የዋንዛው ጠረጴዛ ጥር ላይ ለምን ተሰነጠቀ?

ከሐዋሳ የጻፍክልን ወንድሜ፣ ነሐሴ ላይ በዋንዛ ለስድስት ሰው የሚሆን የምግብ ጠረጴዛ ሠራህ። ጥር ላይ ገበታው ከጫፉ ጀምሮ ተሰነጠቀ፣ እግሮቹም መወዛወዝ ጀመሩ። የጠራኸው አናጺ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ከሥር ብረት ቢመታበትም ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ወጣ። አሁን ዋንዛውን ጥለህ በሌላ እንጨት ልትጀምር ነው።

ዋንዛው ምንም አላጠፋም። ከጫፍ የጀመረ፣ በጋ ላይ የመጣ ስንጥቅ ስሰማ የምጠረጥረው ሁለት ነገር ነው። እንጨቱ ሳይደርቅ ተሠርቷል፤ ገበታውም ከሥሩ እግሮቹን ከሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት ጋር በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል። የሚጠበው በወርዱ ነው። ውስጡን እንደታሰረ የሸምበቆ ነዶ አስበው፤ እያንዳንዱ ዘንግ ሲደርቅ ይቀጥናል እንጂ አያጥርም። የሚጠበውም እኩል አይደለም። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚጠበው ከልቡ ወደ ልጡ ከሚጠበው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጣውላ የሚቆለምመውም ለዚህ ነው። 90 ሳንቲ ወርድ ያለው እርጥብ ገበታ በበጋ 1 ሳንቲና ከዚያም በላይ ሊጠብ ይችላል። ከሥሩ በአግድም የተኛው አግዳሚ ግን ንቅንቅ አይልም። ገበታው ልጥበብ ይላል፣ ብሎኑ አልለቅም ይላል። መጨረሻው መቀደድ ነው። ስቱኮና ብረት ደግሞ እስሩን ያጠብቁታል እንጂ ምንም አይረዱም። እንዲህ ያለ ጥገና ሳይ እናደዳለሁ፤ ጥሩ እንጨት ያበላሻል።

አሁን ብረቱንም ብሎኑንም ንቀል። ጭንቅላቱ ወዲያው የሚያልቀውን ርካሽ ብሎን መልሰህ አትጠቀምበት። ገበታውን ቤት ውስጥ፣ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ቁራጭ እንጨት ላይ አስተኛው። ከዚያው ዋንዛ የተረፈ አንድ ቁራጭ አጠገቡ አስቀምጠህ በየሳምንቱ መዝን፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ከዚያ ስንጥቁን ተከትለህ ቀጥ አድርገህ ሰንጥቀው፣ ጠርዙን በመላጊያ አስተካክል፣ በኮላና በሞርሳ ግጠመው።

ግራይንደር ላይ የመጋዝ ምላጭ ገጥሜ እቆርጠዋለሁ ብለሃል። ተው! ግራይንደር ለእንጨት ጥርስ አልተሠራም፤ ከነከሰ ተመልሶ ፊትህ ላይ ነው። የእጅ መጋዝ ይበቃሃል።

ለእግሮቹ፣ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ምላስ (ቀጠን ብሎ የወጣ ጫፍ) አውጣ፣ እግሩን በምላሱ ልክ በመሮ ቦርቡር፣ በኮላ አጥብቀህ ክተት። እግሩ ከ7 በ7 ሳንቲ፣ አግዳሚው ከ10 ሳንቲ ወርድ አይነስ። ምላሱን ስታወጣም ግራይንደሩን እንዳትነካው።

ገበታውን ስትመልስ በአግዳሚው ውስጠኛ ጎን ቦይ አውጣ። ምላስ ያላቸው ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ቦዩ ውስጥ አስገባና ከገበታው ጋር ብቻ በብሎን እሰራቸው። ገበታው ሲጠብም ሲያብጥም አብረው ይንሸራተታሉ። ቫርኒሹን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ቀባ፤ አንድ ፊት ብቻ የተቀባ ገበታ ይቆለምማል።

ሌላ ጣውላ ካስፈለገህ የደረቀ ዋንዛ ወይም ቀረሮ ፈልግ። ባህር ዛፍ እርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ለገበታ አልመክርህም።