ቡችላው ሲያክክ መርፌውም እጥበቱም ይቆይ

ልጆቼ፣

«የ10 ሳምንት ቡችላዬ ያክካል፤ ጀርባው ላይ ነጭ ነገር ይረግፋል፤ በየሁለት ቀኑ ባጥበውም ባሰበት። ማሳከኩን የሚያቆም መርፌ የለም?» የሚል ጥያቄ ከአንዲት ወጣት ደረሰኝ። መርፌውማ አለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው፤ የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች የቆየ ጸጸት ነውና።

መርፌው ኮርቲዞን ነው። ሲወጋ ማሳከኩ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል፤ ባለቤቱ ይመርቃል፤ ሐኪሙም ጎበዝ ይባላል። ነገር ግን ኮርቲዞን ማሳከክን የሚያበርደው የሰውነትን መከላከያ በመጫን ነው። በፀጉር ሥር ውስጥ የምትኖር ዴሞዴክስ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይ አለች፤ እናት ስታጠባ ወደ ቡችሎቿ ታልፋለች፤ ጤነኛ ውሻ ላይም በጥቂቱ ትገኛለች። ቡችላ ላይ ስትበዛ በዓይን ዙሪያ፣ በአፍ ጥግ ወይም በፊት እግር ላይ ፀጉሩ የተመለጠ፣ የሚቀረፍ ትንሽ ክብ ታወጣለች። በራሷ ብዙ አታሳክክም። ቡችላው እያደገ መከላከያው ሲጠነክር አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናል። መርፌው ከገባ ግን አንድ ሁለት ቦታ ላይ የነበረው ምልጥ ገላውን ሁሉ ሊያዳርስ፣ ባክቴሪያ ሊከተለው፣ ሕክምናውም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ክኒን ቢሆን ማቋረጥ ይቻል ነበር፤ ለሳምንታት የሚሠራው መርፌ አንዴ ከገባ መልሶ አይወጣም። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ቆዳውን በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ዴሞዴክስ ጥልቅ ስለምትቀመጥ ቆዳው በጣት ተጨምቆ ትንሽ ደም እስኪያዣ ድረስ ካልተፋቀ «የለችም» የሚለው ውጤት አይታመንም። ሐኪሙን «ፍቀው አይተውታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ኮርቲዞን እርም ነው ማለቴም አይደለም፤ ተባይና ፈንገስ አለመኖሩ ተረጋግጦ አለርጂ ሲሆን፣ ለአጭር ጊዜ በክኒን መልክ ትልቅ እረፍት ይሰጣል።

የጠያቂዬ ቡችላ ግን የሚያክከውም የሚረግፈውም ጀርባው ነው፤ ስለዚህ ሐሳቤ ወደ ሌላ ተባይ ይሄዳል። የዛሬ ልጆች ስልክ ለማንሳት ፈጣን፣ ማበጠሪያ ለማንሳት ዳተኛ ናችሁ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቁንጫ ማበጠሪያ ያዙና ከአንገቱ እስከ ጅራቱ መነሻ ድረስ አበጥሩት፤ የረገፈውን ጥቁር ወረቀት ላይ አራግፉና በደማቅ ብርሃን ሥር ጥቂት ደቂቃ ተመልከቱት። ፎረፎር የመሰለው ነገር ከተንቀሳቀሰ ፎረፎር አይደለም፤ ኬይሌቲዬላ የምትባል ተባይ ናት። ባለቤቱም ክንዱና ሆዱ ላይ ቀያይ የሚያሳክኩ ነጠብጣቦች አውጥቶ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ ማበጠሪያው ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ካለ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። ወደ ቀይ ቡናማ ከሟሟ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም የተፈጨ ደም። ቁንጫ ካለ ውሻውን ብቻ ማከም አይበቃም፤ እንቁላሉና ኩብኩባው (በሽፋን ውስጥ ያለው ገና ያላደገው ቁንጫ) ምንጣፉና መኝታው ላይ ነው ያለው። መኝታውን በሙቅ ውኃ እጠቡ፤ ቤት ውስጥ ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ቀን አክሙ፤ ቢያንስ ለ3 ወር ሳታቋርጡ ቀጥሉ። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ቁንጫ ቢታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ከኩብኩባው ውስጥ የሚፈለፈለው ገና አላለቀም። የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል ካለ ድመት ላይ እንዳይደርስ፤ ይገድላታል።

የጆሮው ጫፍ፣ ክርኑና የኋላ ቁርጭምጭሚቱ ተቀርፎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያክክ ከሆነ እከክ ጠርጥሩ። የእከክ ተባይ ቆዳው ተፍቆ ቢታይም ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳያያት በጥርጣሬ ብቻ ቢያክም ትክክል ነው። (ቅድም ፍቆ ማየት ግድ ነው ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ግን ባዶ ውጤት ከሕክምና አያግድም።) ክብ ምልጥ ሆኖ ዙሪያው ከቀረፈና ቤተሰቡም ላይ ጭርት ከወጣ ፈንገስ ጠርጥሩ፤ ጓንት አድርጉ፤ የፀጉር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

አሁን ወደ እጥበቱ። የሰው ሻምፖ ለሰው ቆዳ አሲድነት የተሠራ ነው፤ የውሻ ቆዳ ደግሞ ወደ ገለልተኛ ያደላል። በየሁለት ቀኑ ሲታጠብ ቆዳውን የሚያለዝበው ቅባት ይጠፋል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ የደረቀው ይረግፋል፤ ባለቤቱም ቆሸሸ ብሎ መልሶ ያጥባል። ተባይ ካልተገኘ ለ2 ሳምንት እጥበቱን አቁሙና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አበጥሩት። ከዚያ ለቡችላ የተሠራ፣ አጃ ያለበት፣ ሽቶ የሌለው ሻምፖ በለብታ ውኃ ተጠቀሙ፤ 10 ደቂቃ በሰዓት ቆጥራችሁ አቆዩት። ብዙ ሰው በአንድ ደቂቃ አለቅልቆ «ሻምፖው ዋጋ የለውም» ይላል። ብብቱና ብሽሽቱ ውስጥ አረፋ እንዳይቀር አለቅልቁ፤ እስኪደርቅ በፎጣ አድርቁት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ እከክ ያድናል የሚል የድሮ ወሬ ዛሬም ይዞራል። ቡችላው ይልሰዋል፤ ይመረዛል። ከብት የሚወጋበትን አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይ መድኃኒትም አትንኩ። 1 በመቶው ዓይነት በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ ይህም 50 ኪሎ ለሚመዝን ከብት የሚሰጥ መጠን ነው። 2 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በተራ መርፌ በትክክል መለካት አይቻልም። ኮሊ የሚባለው የውሻ ዝርያና ዘመዶቹ ደግሞ ብዙዎቹ በዘር በሚወርሱት ጉድለት መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል። ቢንገዳገድ፣ ምራቁ ቢዝረከረክ፣ የዓይኑ ብሌን ቢሰፋ ማርከሻ የለውም።

ምግቡ ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀና የተሟላ ከሆነ ካልሲየም አትጨምሩበት፤ ትርፉ ካልሲየም ዚንክ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ ዚንክ ሲያንስ በዓይን፣ በአፍና በመዳፍ ሥር ቅርፊት ይወጣል። ምግብ የቀየራችሁ እንደሆነ በሳምንት ውስጥ ለውጥ አትጠብቁ፤ የውሻ የላይኛው ቆዳ ራሱን ለመተካት 3 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስልካችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ በየሳምንቱ ያንኑ ቦታ በአንድ ዓይነት ብርሃን አንሱት፤ ሐኪሙ ከአፋችሁ ከሚሰማው ይልቅ ከዚያ ብዙ ያያል።

ድዱ ከነጣ፣ ፊቱ በድንገት ካበጠ፣ ቆዳው መግል ይዞ ከሸተተ ወይም መብላት ካቆመ ግን የማበጠሪያውን ነገር ተዉትና በዚያው ቀን ውሰዱት። ቁንጫ ብቻውን ትንሽ ቡችላን ደም አሳጥቶ ይገድላል።