መልስ፦ ያው ፕሮግራም አንዴ ፈጣን፣ አንዴ ቀርፋፋ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ላይ ያው ፕሮግራም አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይንቀራፈፋል ብለሃል። ራሙ አንድ ወጥ እንዳይመስልህ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር አጠገቡ የራሱ ራም አለው። የሌላውንም ማንበብ ይችላል፤ ግን ተሻግሮ ነው። ፒያሳ ሱቅ ከፍተህ ዕቃህን ሜክሲኮ እንደማስቀመጥ ቁጠረው። ዕቃው ያንተው ነው፣ የሚገድልህ መንገዱ ነው።

ሊኑክስ (ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሲስተም) ፕሮግራምህ ራም ሲጠይቅ ወዲያው አይሰጠውም። እያንዳንዱን ገጽ (የራም ቁራሽ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ 4 ኪሎባይት) መጀመሪያ ሲነካ፣ የነካው ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ የስሌት ክፍል) ካለበት ሰፈር ቆርሶ ይሰጠዋል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ብቻውን ዳታውን በሙሉ ዜሮ ከሞላው፣ ቦታ እስካለ ድረስ ሁሉም እሱ ጋ ይከማቻል። ሌሎቹ ማዶ ለማዶ ይመላለሳሉ። እኔም አራት ኪሎ ቢሮ ተቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም ከርሜያለሁ፤ ምስኪን፣ ምንም አላጠፋም ነበር።

«ኑማሲቲኤል» (numactl) በሚባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ የሃርድዌሩን ዝርዝር አውጣ። ከታች ትንሽ የርቀት ሠንጠረዥ አለ፦ 10 ማለት እዚያው ነው፣ 20 ወይም 21 ካየህ ማዶ ነው። ማነጻጸሪያ እንጂ ናኖሰከንድ አይደለም።

ከሊኑክስ 3.8 ወዲህ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ገጾችን ወደሚጠቀምባቸው ኮር ራሱ ማዛወር ይችላል። ግን ማን እንደሚነካቸው ለማወቅ ሆን ብሎ ስለሚዘጋቸው፣ እሱም ዋጋ አለው። እኔ ብሆን እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ድርሻ ራሱ እንዲሞላ አደርግና ትሬዱን እዚያው ኮር ላይ አስረዋለሁ። ሁሉም የሚጋራው ትልቅ የዳታቤዝ ካሽ (ለፍጥነት ራም ላይ የሚቀመጥ ዳታ) ከሆነ ግን ገጾቹን በሁለቱም ላይ ተራ በተራ በትናቸው።