«በሂደት ላይ ነው» ሲባል ቀጥሎ ምን ይጠየቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ፖለቲከኞች በቴሌቪዥን ስለሚጠየቁበት መንገድ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ባለሥልጣኑ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይናገራል፤ ጠያቂው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። መልስ እንዳልተሰጠ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለእኔ ሲገባኝ፣ ለእሱ እንዴት አይገባውም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይገባዋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው እጁ ላይ ባለው ወረቀት ነው። ለአሥር ደቂቃ ዝግጅት አሥራ አምስት ጥያቄ ደርድሮ የገባ ሰው ወረቀቱን ለመጨረስ ስለሚጣደፍ፣ መልሱን የሚሰማበት ጆሮ አይተርፈውም። ለአሥር ደቂቃ ሁለት ርዕሰ ጉዳይ ይበቃል፤ ሦስተኛ ካለ ለመጠባበቂያ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ጥያቄ ይጻፉና ከሥሩ ሦስት መንገድ ያዘጋጁ፦ «አዎ» ካሉ ምን እጠይቃለሁ፣ «አይደለም» ካሉ ምን እጠይቃለሁ፣ ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በምን እመልሳቸዋለሁ። ብዙዎች ይህን ሦስተኛውን ሳይጽፉ ስቱዲዮ ይገባሉ።

ማምለጫዎቹ እኮ የታወቁ ናቸው። «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ ክርክር አይግጠሙ፤ ሂደቱን ራሱን ይጠይቁ። መቼ ተጀመረ? ዛሬ ፋይሉ ማን ጠረጴዛ ላይ ነው? በየትኛው ወር ያልቃል? «እርምጃ ተወስዷል» ሲባል ግሱ አድራጊውን ደብቋል፤ «ማን ወሰደው? በስንት ሰው ላይ?» ይበሉ። «እኛ» ሲበዛ «እርስዎ በግልዎ» ብለው ይለዩ። «ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ማየት አለብን» የሚለው ሲመጣ ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይታገሡ፤ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ከተቆረጡ ተመልካቹ ለእንግዳው ያዝናል።

የጥያቄው ርዝመትም ከ15 ሰከንድ ባያልፍ ይመረጣል። «እንደሚታወቀው…» ተብሎ አንድ ደቂቃ የፈጀ መግቢያ ካለ እንግዳው ጥያቄውን ትቶ መግቢያውን ይከራከራል። ሁለት ጥያቄ በ«እንዲሁም» ከተያያዘ ደግሞ ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፤ ከባዱም በዚያው ይረሳል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ በባህላችን ነውር አይደለም? (ከደሴ)

መልስ፦ ነውሩ ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። «ክቡር ሚኒስትር፣ ትዕዛዙን ሰጥተዋል?» ብሎ ዝም ማለት በአክብሮትም በጥብቅነትም የተሟላ ነው። አንቱታው ጥያቄውን አያለዝበውም።

ከባዱ ነገር ሰዋስው ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ትዕዛዙን በጽሑፍ ለክልሉ ቢሮ እኔ ራሴ…» ሲሉ ከተቋረጡ ተመልካቹ «ሰጥቻለሁ» ይሁን «አልሰጠሁም» ሳይሰማ ይቀራል፤ የቀኑ ዜና ግን እሷ አንዲት ቃል ነበረች። ስለዚህ የሚገባው ግሱ እንደተዘጋ፣ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ሳይከፈት ባለችው ትንፋሽ ላይ ነው። ልምድ ያለው ፖለቲከኛ ይህን ስለሚያውቅ ግሱን አይዘጋም፤ «አቅጣጫ አስቀምጠን፣ ባለድርሻ አካላትን አስተባብረን፣ ኅብረተሰቡን አወያይተን…» እያለ በቦዝ አንቀጽ ላይ ቦዝ አንቀጽ ይደረድራል። ያኔ መሃል መግባት ግድ ነው። መጀመሪያ እጅዎን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ማዕረጉን ይጥሩ፤ ከዚያ ከአምስት ቃል ያልበለጠ ጥያቄ። እንግዳው ካላቆሙ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አይሽቀዳደሙ። ሁለት ማይክ በአንድ ጊዜ ሲጮህ የሁለታችሁም ንግግር አይሰማም። እርስዎ ያቁሙና እንግዳው ትንፋሽ ሲስቡ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ይድገሙት።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን አንድ ጥያቄ 12 ጊዜ ጠየቀ የሚባለው እውነት ነው? እኛስ ለምን አናደርገውም? (ከለንደን)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ቁጥሩ እንደ ቆጣሪው ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1997 ነው (ከእኛው ምርጫ 97 ጋር አይምታታ)፤ በቢቢሲው የዜና ዝግጅት ኒውስናይት። እንግዳው በዚያው ወር ከሥልጣን የወረደው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩትና ለፓርቲ መሪነት የሚወዳደሩት ማይክል ሃዋርድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሦስት እስረኞች ከፓርክኸርስት ወኅኒ አምልጠው ነበር፤ ጭቅጭቁ የወኅኒው አዛዥ እንዴት ከቦታው ተነሣ የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ የማረሚያ ቤቶቹን ዋና ኃላፊ ዴሪክ ሉዊስን በአዛዡ ጉዳይ «ውሳኔህን እሽራለሁ» ብለው አስፈራርተውታል? ሃዋርድ «የማዘዝ ሥልጣን አልነበረኝም፤ አላዘዝኩትም» እያሉ መለሱ። የተጠየቀው ማስፈራራት፣ የተመለሰው ማዘዝ። ፓክስማን ልዩነቱን ይዞ አልለቀቀም። ኋላ ላይ ራሱ እንደተናገረው ደግሞ ቀጣዩ ዝግጅት ስላልደረሰ በጆሮው እንዲያራዝም ተነግሮት ነበር።

ይህን የሚቀዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን ይቀዱና ጥያቄውን ይረሱታል። መደጋገም የሚሠራው መልሱ በአዎ ወይም በአይደለም ሲያልቅና እንግዳው ራሱ የሚያውቀው ነገር ሲሆን ብቻ ነው። የበጀት አሃዝ ያልያዙ ሚኒስትርን 12 ጊዜ መጠየቅ ጉንጭ አልፋ ነው። በአብዛኛው ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ «ጥያቄውን ሳይመልሱ አልፈናል» ብሎ በግልጽ መናገርና መቀጠል።

በአሃዝ ላይ የሚያዋጣው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው የዜና ድርጅት ኤክሲዮስ ጋዜጠኛ ጆናታን ስዋን ዶናልድ ትራምፕን ስለ ኮቪድ ሲጠይቅ፣ ፕሬዚዳንቱ ሟቾች ከተያዙት አንጻር ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ወረቀት አቀበሉት። ስዋን ወረቀቱን አይቶ «እኔ የማወራው ከሕዝብ ብዛት አንጻር ስላለው ነው» አለ። አሃዙ ከምን አንጻር የተሰላ እንደሆነ ቀድሞ ስላወቀ ነው ወዲያው የያዘው። ስለዚህ ማንኛውም ቁጥር በወረቀትዎ ላይ ምንጩን፣ ቀኑንና ገጹን ይዞ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ለባለሥልጣኑ ይላካሉ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ርዕሰ ጉዳዩን መንገር ተገቢ ነው፤ መረጃ ይዘው እንዲመጡ ያደርጋል። ጥያቄውን ቃል በቃል መላክ ግን አይገባም። ከተላከ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ መልስ ይጽፍላቸዋል፤ ተከታይ ጥያቄም ሲመጣ «ይኼ አልተላከም» ይባላል። ጥያቄዎቹን ሳላይ አልገባም የሚል ካለና ጣቢያው ከተስማማ፣ ስምምነቱን ለተመልካች በዝግጅቱ መጀመሪያ መናገር ይገባል።

ጥያቄ፦ የምንሠራው በማኅበረሰብ ጣቢያ ነው። የአዲስ አበባ እንግዳ በመስመር ስናስገባ ሁልጊዜ እንደራረባለን። (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ ምክንያቱ የድምፁ መዘግየት ነው። መስመሩ በሳተላይት ከሆነ፣ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድምፅ ለአንድ ጉዞ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ነው። በኢንተርኔት ሲሆን መዘግየቱ ይዋዥቃል። እርስዎ እንግዳው ዝም ብለዋል ብለው ሁለተኛ ጥያቄ ሲጀምሩ እንግዳው ደግሞ የመጀመሪያውን መመለስ ይጀምራሉ። መፍትሔው ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ፣ በልብ አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ መጠበቅ ነው። በመስመር «እ… አዎ… እሺ» እያሉ ማጀብም ይቅር፤ ዘግይቶ ስለሚደርስ እንግዳውን የማቋረጥ ያህል ነው።

እንግዳው በድንገት ከተንተባተቡ ሌላ ነገር ይመርምሩ፦ የራሳቸው ድምፅ ዘግይቶ በጆሯቸው እየተመለሰ ይሆናል። የድምፅ ባለሙያው ለእንግዳው የሚልከው ድምፅ የእንግዳው ራሱ የተቀነሰበት መሆን አለበት፤ በሙያው ሚክስ ማይነስ የሚባለው ነው። ወደ አየር ከመግባት በፊት እንግዳው ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ከዚያ «ራስዎን ይሰማሉ?» ብለው ይጠይቋቸው።