ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ፉል ኦፕሽን ሀይሉክስ፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንባቢያችን ቦንጋ አካባቢ ቡና ላይ ይሠራል። ደብል ጋቢና ፒካፕ ሊገዛ ሁለት መኪና አይቷል። አንደኛው በፈረንጆቹ የ2018 ሀይሉክስ ነው፦ 2.8 ናፍታ፣ አውቶማቲክ፣ የቆዳ ወንበር፣ ፉል ኦፕሽን። የቀድሞ ባለቤቱ ከፋብሪካው ከፍታ በላይ አስነስቶታል፣ ትልልቅ ጎማም አስገብቶለታል። ሁለተኛው የ2019 ፎርድ ሬንጀር ራፕተር ነው። ልቡ ሀይሉክሱ ላይ ነው። ነገር ግን ሲሞክረው፣ ከቆመበት ሲነሳ፣ በተለይ ከ20 እስከ 40 ባለው ፍጥነት ላይ ወለሉና ወንበሩ ይንቀጠቀጥበታል፤ 60 ሲያልፍ ይጠፋል። ሻጩ «የጎማ ባላንስ ነው፣ ክሮሱም በቅርብ ተቀይሯል» ብሎታል። ክሮስ ማለት ዘንጎች ታጥፈውም እንዲዞሩ የሚያገናኛቸው የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው።

ወንድሜ፣ ባላንስ አይደለም። የጎማ ባላንስ በ30 አይመጣም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 በላይ ነው የሚጀምረው፣ መሪው ላይ ነው የሚሰማህ፣ ነዳጅ ብትለቅም አይተውህም። ያንተው ግን ስትነሳ ይመጣል፣ ከወለል ይሰማል፣ ፍጥነት ሲይዝ ይጠፋል። ይሄን ስሰማ ጥርጣሬዬ በቀጥታ የሄደው ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል ወደሚወስደው ረጅም ዘንግ ነው፣ ወደ ፕሮፔለር ሻፍቱ። ሁለት ነገር ተደራርቦ ይመስለኛል። መኪናው ከፍ ሲደረግ የዘንጉ ማዕዘን ተበላሽቷል፤ ክሮሱን የቀየረው ሰው ደግሞ ምልክት ሳያደርግ ፈትቶ በግምት ገጥሞታል። የበለጠ ያስጠረጠረኝ «በቅርብ ተቀይሯል» የሚለው ነው። ጤነኛ ክሮስ ዝም ብሎ የሚቀይር ሰው የለም። መንቀጥቀጡ ቀድሞም ነበረ፣ ክሮስ ተቀየረለት፣ አልተወም፣ ከዚያ መኪናው ለሽያጭ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፣ ምክንያቱም የክሮስ ማዕዘን ጋራዥ ውስጥ በጣም ከሚናቁ ነገሮች አንዱ ነው፣ እኔ ደግሞ ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ክሮስ ቀጥ ብሎ ሲሠራ የተቀበለውን ዙር እንዳለ ያስተላልፋል። ሲታጠፍ ግን እንደዚያ አይደለም። ከፊት ያለው ዘንግ በእኩል ፍጥነት እየዞረ፣ ከክሮሱ ወዲያ ያለው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ማዕዘኑ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱም ትንሽ ነው፤ ማዕዘኑ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ አንድ የታጠፈ ክሮስ ብቻውን ሁልጊዜ ይረብሻል። መፍትሔው ሁለተኛ ክሮስ ነው። የመጀመሪያው ሲያፈጥን ሁለተኛው እንዲያዘገይ ተደርጎ ይገጠማል፣ አንዱ ያዛባውን ሌላው ያቃናል፣ ዲፈረንሻሉ ጋ እኩል ዙር ይደርሳል። ይሄ የሚሠራው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ሁለቱ ክሮሶች የታጠፉበት ማዕዘን ተቀራራቢ መሆን አለበት፣ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ። ደግሞም በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት፣ ክሮሱን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። አንዱ ሹካ በአንድ ጥርስ ብቻ እንኳ ዞሮ ከተገጠመ ማቃናቱ ቀርቶ መንቀጥቀጥ ይፈጥራል።

የደብል ጋቢና ዘንግ ረጅም ስለሆነ ለሁለት ተከፍሎ፣ መሃሉ ላይ በላስቲክ በተከበበ ኩሽኔታ ሻሲው ላይ ይንጠለጠላል። ክሮሱ ሦስት ነው ማለት ነው። አሁን የቀድሞው ባለቤት ከኋላ ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ሲያስገባ የኋላው ዘንግ ይበልጥ ቁልቁል ሆነ። ከዚያ ስትነሳ ደግሞ ጉልበቱ አለ። ይሄ 2.8 ሞተር በአውቶማቲክ 450 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ በፈረንጆቹ 2020 ሲሻሻል 500 ደርሷል። ያ ሁሉ ጉልበት በአንደኛ ማርሽ ተባዝቶ ሲመጣ አክስሉ ባሌስትራው ላይ ይጠማዘዛል፣ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ ማዕዘኑ የባሰ ይዛባል። ፍጥነት ስትይዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ንዝረቱም ፈጣንና ደቃቅ ስለሚሆን ላስቲኮቹ ይውጡታል። ከ60 በላይ የጠፋልህ ተሽሎት አይደለም። አሁንም ኩሽኔታውን እየበላው ነው።

አሁን ሂድና አረጋግጥ። መጀመሪያ ጫንበት። አራት ጎልማሳ ካሶኒው ላይ አስቀምጥ፣ ወይም ሻጩ ከፈቀደ ሦስት ኩንታል ጫን፣ ከዚያ በዚያው መንገድ በቀስታ ተነሳ። ሰዎቹ ተቀምጠው ይያዙ፣ ከ40 በላይ እንዳትሄድ። መንቀጥቀጡ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ነገሩ አለቀ፣ ማዕዘን ነው፤ ጭነቱ ባሌስትራውን ወደ ቦታው መልሶታል። ካልተለወጠ ወደ ሹካው እንሄዳለን።

ከመኪናው ሥር ከመግባትህ በፊት ይሄን ስማኝ፦ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። ከፊትም ከኋላም። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግባ። ለዚህ ምርመራ ማንሳትም አያስፈልግም፤ ማዕዘኑን የምትለካው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ነው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ሀይሉክስ ከፍ ያለ ስለሆነ ሜዳ ላይም በጀርባ ተኝተህ ታየዋለህ።

ከሥር ስትገባ የኋላውን ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ እይ። የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች ጆሮ በአንድ መስመር ነው? አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ትንሽ ዞር ካለ ጥፋተኛውን አገኘኸው። ከዚያ ሹካዎቹ ላይ የመዶሻ ጠባሳ ፈልግ። ክሮስ በመጭመቂያ ነው የሚወጣው፤ በመዶሻና በቧንቧ ቁራጭ እየደበደቡ የሚያወጡ አሉ፣ ጆሮው ይጣመማል፣ አዲሱ ክሮስ ገብቶም ከመጀመሪያው ቀን ይጨነቃል። ዘንጉ ላይ የተበየዱ ትንንሽ የባላንስ ብረቶች አሉ፤ ተነቅለው ቦታቸው ብቻ ነጭ ሆኖ ካየህ እሱንም ጻፈው። የመሃል ኩሽኔታውን ደግሞ በእጅህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃንቀው። ላስቲኩ ትንሽ ይሰጣል፣ ጤና ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ዘንጉ ከመሃል ወርዶ ከተቀመጠ ተበልቷል።

ማዕዘኑን በስልክህ ለካ። ደረጃ የሚለካ አፕ አውርድ፣ ስልኩን የፊት ዘንጉ ላይ አስደግፍ፣ ከዚያ የኋላው ዘንግ ላይ፣ ከዚያ የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ዘንጉ በብሎን የሚታሰርበት ብረት) ላይ። ሦስቱን ቁጥር ጻፍ። በተከታታዮቹ መካከል ያለው ልዩነት ክሮሱ የታጠፈበት ማዕዘን ነው። ከ3 ዲግሪ በታች ደህና ነው። 5 እና 6 ካየህ ያ መኪና ሲነሳ ባይንቀጠቀጥ ነበር የሚገርመኝ።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ዘንጉ ይወርዳል፣ ሹካው በመስመሩ ይገጠማል፣ የመሃል ኩሽኔታው ይቀየራል። እዚህ ላይ ደግሜ እለምንሃለሁ። አውቶማቲክ መኪና ፒ ላይ ስታስገባው የሚቆለፈው ካምቢዮው ነው፤ ካምቢዮው የኋላ ጎማውን የሚይዘው ደግሞ በዚያ ዘንግ በኩል ነው። ዘንጉን ስትፈታ ፒ መኪናውን አይይዝም። ትንሽ ቁልቁለት ካለ በላይህ ላይ ይንከባለላል። የእጅ ፍሬኑንም አትመን፣ የአሮጌ ፒካፕ የእጅ ፍሬን ስንቱን ጉድ አድርጓል። የመጀመሪያውን ብሎን ከመፍታትህ በፊት ታኮ፣ አራቱም ጎማ ላይ። ከዚያ ከመፍታትህ በፊት በቀለም ወይም በቺዝል ምልክት አድርግ፣ ፍላንጁ ላይም ሹካው ላይም። ያኛው ሰውዬ ይቺን አንዲት ደቂቃ ቢሰጥ ኖሮ ዛሬ አንተ አትጽፍልኝም ነበር።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ርካሹን የመሃል ኩሽኔታ አትንካው። ላስቲኩ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ደረቅ ነው፣ አንድ ክረምት ጭቃና ውሃ ሲጠጣ ይቀደዳል፣ ከዚያ ዘንጉ ራሱ ይመታል። በጣትህ ተጫነው፤ ለስላሳ ሆኖ ካልተመለሰ መልሰህ ስጠው። ክሮሱም ያው ነው፣ የአንዳንዱ መርፌ ኩሽኔታ ግሪስ እንኳ የለውም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ተወው፣ ሳጥን ማተም ቀላል ሆኗል።

ከፍታውን በተመለከተ የኔ ምክር የማያሻማ ነው፦ ወደ ፋብሪካው መልሰው። ከባሌስትራው ሥር ሽብልቅ እየከተቱ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ማስተካከል ይቻላል፣ በትክክል ከተሰላ ይሠራል። ግን ለጭቃ ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግህም። ከፊትም ዋጋ አለው። መኪናው ከፍ ሲደረግ የፊት አክስሎች ማዕዘን ይጨምራል፣ ሲቪ ጆይንቱ (ወደ ፊት ጎማው ኃይል የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) ይጨነቃል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል። መሪ እስከ መጨረሻው አዙረህ በቀስታ ሂድ፤ ቀጭ ቀጭ ካለ የውጭው ጆይንት ሄዷል፣ ዋጋው ላይ ቀንስ።

አሁን ወደ ምርጫው። ራፕተር ጥሩ መኪና ነው፣ አልዋሽህም። 2.0 ባለ ሁለት ተርቦ ሞተሩ 213 ፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር አለው፣ ካምቢዮው ባለ 10 ማርሽ ነው፣ የፎክስ አሞርዛተሮቹ ኮረኮንች ላይ በፍጥነት እየሄድክ ጀርባህን ይጠብቁልሃል። እስከ 850 ሚሊ ሜትር ውሃ ይሻገራል፣ ሀይሉክሱ 700 ነው። ከፍታውም ጎማውም ፋብሪካው አስልቶ የሠራው ስለሆነ ማንም አልነካካውም። ግን ከኋላ ባሌስትራ የለውም፣ በጥቅል ሞላ ነው የተቀመጠው። ሀይሉክስ 10 ኩንታል ገደማ ሲሸከም ራፕተር የሚሸከመው ከ6 እስከ 7 ኩንታል ነው። ቡና የሚጭን ሰው ይሄን ማወቅ አለበት። ቦንጋ ላይ አንድ ሴንሰር ቢበላሽ ደግሞ የቶዮታውን ጅማ ልታገኘው ትችላለህ፤ የራፕተሩን ከዱባይ እስኪመጣ መኪናህ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ስትጭንበት መንቀጥቀጡ ከቀነሰ፣ ወይም ሹካው ዞሮ ካገኘኸው፣ ሀይሉክሱን ግዛ፣ የዘንጉንና የባሌስትራውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሻጮች ዋጋ ይቆልላሉ፣ አንተ ግን የለካኸውን ቁጥር አውጥተህ አሳየው። ጭነህም ካልተለወጠ፣ ሹካውም በመስመሩ ከሆነ፣ ማዕዘኑም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ጥርጣሬው ወደ አውቶማቲክ ካምቢዮው ይዞራል። በዚያ ዋጋ እሱን የመሰለ ጣጣ አትግዛ፣ ተወው።

አንድ ነገር ቀረ። ከመክፈልህ በፊት አፈር መንገድ ላይ ፎር ዊሉን፣ ሎውን እና የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያውን ሞክር፤ ሁሉም ገብቶ መውጣት አለበት። ደረቅ አስፋልት ላይ እንዳትሞክረው፣ መሃል ላይ ዲፈረንሻል ስለሌለው ስትታጠፍ ይጨናነቃል። ትልልቁን ጎማ ሽጠው። ቸርኬው 17 ከሆነ 265/65፣ 18 ከሆነ 265/60 አስገባ፣ የጭቃ ጥርስ ያለው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እውነት ይነግርሃል፣ ናፍታም ትቆጥባለህ።