ሞድ ለምትሠሩ የሐዋሳ ወጣቶች፦ ሥራችሁ የማን እንደሆነ ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

በከተማችን በሐዋሳ ሌሎች የሠሩትን ጌም ከፍታችሁ የራሳችሁን ነገር የምትጨምሩ፣ ማለትም ሞድ የምትሠሩ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሐዋሳ ከተማንና የሲዳማ ቡናን ማልያ ወደ እግር ኳስ ጌም ያስገባችሁ አላችሁ፤ ባጃጁን፣ የሐይቁን ዳርቻና አሞራ ገደልን በመኪና ጌም ውስጥ የሣላችሁም አላችሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይ እኮራለሁ። ለረጅም ዓመታት በጥብቅና ሙያ የቆየሁ በመሆኔ ግን ከኩራቱ ጋር አብሮ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሥራ በሕግ ፊት የማን ነው? እናንተም ሌሊቱን በሥራ ከማንጋታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ እንድታነሡ ስለምፈልግ ይህን ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ።

ጌሙን ስትጭኑ «እስማማለሁ» ብላችሁ የምታልፉት ረጅም ጽሑፍ ውል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል። የውጭ ኩባንያዎች የሚያቀርቡት ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በእነርሱ አገር ሕግ ቢሆንም፣ አላነበብኩትም ማለት ብቻውን በዚያም ሆነ በዚህ ሰውን ከግዴታው ነጻ አያወጣም።

ነገሩን ከምታውቁት ነገር ጋር ላያይዘው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ቤት የሠራ ሰው ግን በቤቱ ላይ ሙሉ መብት አለው፤ መሬቱን የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን ማንሳት ወይም ካሣ መጠየቅ ይችላል። ሞድም በሌላ ሰው መሬት ላይ የቆመ ቤት ነው። ነገር ግን የጌሙ ባለቤት ፈቃዱን ባነሳ ጊዜ ለሞዱ ሠሪ ካሣ ይከፈለዋል የሚል አንቀጽ ያለበት የጌም ውል እስካሁን አላጋጠመኝም። ቤቱን ነቅላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ልትወስዱት የምትችሉትም ለብቻው መቆም የሚችል ክፍል ካለው ብቻ ነው።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ ሥዕልንና ሙዚቃን ይጠብቃል። በሌላ ሰው ሥራ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ አዲስ ሥራም ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ ጥበቃ ግን የመጀመሪያውን ሥራ ባለቤት መብት አይነካም። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለያይታችሁ መመርመር ይኖርባችኋል፤ አንደኛው ከራሳችሁ ያመጣችሁት ምንድን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ለመጨመር ፈቃድ ነበራችሁ ወይ የሚለው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የተወሰነ አንድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዱክ ኑከም 3ዲ የተባለው ጌም ተጫዋቾች የራሳቸውን ሌቭል፣ ማለትም የጌሙን የመጫወቻ ደረጃ፣ እንዲሠሩ ይፈቅድ ነበር፤ ውሉ ግን ሌቭሎቹ ለሌላ ሰው የሚሰጡት በነጻ ብቻ ነው ይል ነበር። ማይክሮ ስታር የተባለ ድርጅት ተጫዋቾች የሠሯቸውን 300 ሌቭሎች ሰብስቦ በሲዲ ሸጠ። የሌቭሎቹ ፋይሎች ከጌሙ አንድም ሥዕል አልያዙም፤ የያዙት የትኛው ሥዕል የት እንደሚቀመጥ የሚናገር ትእዛዝ ብቻ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ከዚያ ትእዛዝ የሚወጣው ትዕይንት የዱክ ኑከም ታሪክ ተከታይ በመሆኑ የባለቤቱን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ክርክሩ በሁለት ወገኖች መካከል ነበር፤ ሌቭሎቹን የሠሩት ልጆች ግን ከሁለቱም ወገን አልነበሩም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው ዶታ የተባለው ሞድ ታሪክ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ዋርክራፍት 3 የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታ ማለትም የጌሙን መጫወቻ ሜዳ የሚሠሩበት መሣሪያ አብሮ ሰጠ። በማግስቱ ዓመት ዩል በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች በዚያ መሣሪያ ዶታን ሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ጊንሱና አይስፍሮግ የተባሉ ሌሎች ተቀባብለው አሳደጉት። የመሣሪያው ውል ካርታዎቹን ያለ ፈቃድ ለንግድ ማዋልን ይከለክል ነበር፤ ባለቤትነቱን ግን ጥርጣሬ በማይተው ቃል አልወሰነውም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ አይስፍሮግን ቀጥሮ ዶታ 2ን ማዘጋጀት ሲጀምር በስሙ ላይ ከብሊዛርድ ጋር ክርክር ተነሣና እ.ኤ.አ. በ2012 በስምምነት ተቋጨ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሌላ ክስ፣ ዩል በ2004 ካርታው ከእንግዲህ ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ የጻፈው አጭር መልእክት መብቱን መተዉን ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለው በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት አከራካሪ ሆነ። ለጓደኞቹ በቅንነት የጻፈው ቃል ከ13 ዓመታት በኋላ የጠበቆች መሟገቻ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ብሊዛርድ ከዚህ የራሱን ትምህርት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዋርክራፍት 3 ሪፎርጅድ የተባለው የጌሙ አዲስ እትም ሲወጣ፣ በመሣሪያው የሚሠራ ማንኛውም ካርታ የኩባንያው ብቸኛ ንብረት እንደሆነና ሠሪው መብቱን ሁሉ ለኩባንያው እንዳስተላለፈ የሚገልጽ ደንብ አብሮ ወጣ። በእኔ አስተያየት ይህ ሚዛኑን የሳተ ውል ነው፤ ሰው ያለ አንዳች ክፍያ የደከመበትን አስቀድሞ መውሰድ ነውና። ሕጋዊ መሆኑ ተገቢ ያደርገዋል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን የእኔ አለማመን «እስማማለሁ» ያለውን ሰው አያድነውም። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ አይደለም። ማይንክራፍት የተባለው ጌም ውል ከባዶ ተነሥታችሁ የሠራችሁት ሞድ የእናንተ ነው ይላል፤ የሚከለክለው መሸጡን ነው። ስለዚህ ውሉን ስታነቡ ባለቤትነት፣ ፈቃድ መስጠት፣ መብት ማስተላለፍና ንግድ የሚሉትን ቃላት ፈልጓቸው። ፈቃድ የሰጠ ሰው ባለቤትነቱ አብሮት ይቆያል፤ መብቱን ያስተላለፈ ሰው ግን የገዛ ሥራውን ለመጠቀም ሌላውን ለማስፈቀድ ይገደዳል።

በተግባር የምመክራችሁ ከራሳችሁ የፈጠራችሁትን ሥዕል፣ ድምፅና ኮድ ከጌሙ መሣሪያ ውጭ እንድትሠሩና ዋናውን ቅጂ ለብቻው ከነቀኑ እንድታስቀምጡ ነው። የአሞራ ገደልን ሞዴል በሌላ ፕሮግራም ሠርታችሁ በኋላ ወደ ጌሙ ካስገባችሁት፣ ነገ ለራሳችሁ ጌም ወይም ለማስታወቂያ ሥራ ልታውሉት ትችላላችሁ፤ በእርግጥ ያስገባችሁበት ውል ይህንንም ወስዶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ማየት አለባችሁ።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እርስ በርሳችሁ ተዋዋሉ። ክራፍትቡኪት የተባለው፣ የማይንክራፍት ተጫዋቾችን በኢንተርኔት አገናኝቶ የሚያጫውት ሰርቨር ፕሮግራም በብዙ ሰዎች መዋጮ የተገነባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ግን ከዋና ዋና አዋጪዎቹ አንዱ ኮዴ ከፈቃዴ ውጭ ጥቅም ላይ ውሏል ብሎ በማመልከቱ ፕሮግራሙ እንዳይወርድ ታገደ። የብዙዎች የዓመታት ድካም በአንድ ሰው ማመልከቻ ቆመ፤ እርሱም ቢሆን የጠየቀው የራሱን መብት ነበር። ማን ምን እንደሠራ፣ አንዱ ቢወጣ ሥራው ምን እንደሚሆን፣ ገንዘብ ቢመጣ እንዴት እንደምትካፈሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ከመካከላችሁ 18 ዓመት ያልሞላው ካለ ወላጁ ወይም አሳዳሪው አብሮ ይፈርም።

ማልያ ለምትሠሩት የቀረችኝ አንዲት ነገር አለች። የጌሙ ኩባንያ ቢፈቅድላችሁ እንኳ የክለቡ ዓርማ የክለቡ ነው፤ የተጫዋቹም መልክ የተጫዋቹ ነው። የክለቦቹ ጽሕፈት ቤቶች እዚሁ ከተማችን ውስጥ ናቸው። ሥራችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው፤ ከፈቀዱላችሁም ፈቃዱን በማኅተም በተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ የትኛው ዓርማ፣ በየትኛው ጌም፣ በነጻ ለማከፋፈል ብቻ ወይስ ለሽያጭም እንደተፈቀደ ደብዳቤው ለይቶ ይግለጽ።